የራሷ ካርድ

ትሪና ኩቸራ በአሜሪካዋ ነብራስካ ግዛት የሃልቨርሰኖችን በር ያንኳኳችው በሰኔ መጨረሻ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ቀትር ላይ ነበር። የሚከፍት ጠፋ። ከቤቱ ጀርባ የመዶሻ ድምፅ ስትሰማ ፊርማ የምታሰባስብበትን ወረቀት ደረቷ ላይ አቅፋ ዞረች። ኮምባይነር ቆሟል። ከሥሩ ሁለት ጫማዎች ወጥተው ይታያሉ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች ለጫማዎቹ።

«የምትሸጪው ነገር ካለ አንገዛም።»

«ፊርማ ነው የምፈልገው። በነጻ ነው።»

«በነጻ የሚባል ነገር የለም» አለና ሰውየው በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ። ግንባሩ ላይ ግራሶ ተለቅልቋል። ሊቀጥል ያሰበውን ንግግር ትሪናን ሲያያት ረሳው። እሷም ለስልሳ በሮች በቃሏ ያነበነበችው ነገር ጠፋባት።

ሮይስ ሃልቨርሰን ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሳምንቱ ቀናት በከተማው የእህል ማኅበር ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የአባቱን በቆሎ ያርሳል። ትሪና ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት አንዲት አሮጊት ታስታምማለች፣ ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤት ውስጥ ታስተናግዳለች። በሁለቱም ሥራ ኢንሹራንስ የላትም።

«በጥቅምት ምርጫ ላይ አንድ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ነው የምንፈልገው» አለችው። «ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ሁሉ በመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ እንዲሸፈን።»

«ማን ነው የሚከፍለው?»

«ሁላችንም።»

«እኔ ለራሴ ከደመወዜ ላይ ይቆረጥብኛል እኮ።»

«ለእኔም እየከፈልክ ነው፤ አታውቀውም እንጂ። ነገ መንገድ ላይ ብወድቅ አምቡላንስ ይወስደኛል። መክፈል አልችልም ስላቸው ሂሳቡን በእናንተ ላይ ይደለድሉታል። እኔ የምለው ከወደቅኩ በኋላ ከምትከፍሉልኝ ሳልወድቅ ክፈሉልኝ ነው።»

ሮይስ ሳቀ። «ድጎማ አለ ይባል የለ? ለምን አትገዢም?»

«ደወልኩላቸዋ። ሴትየዋ ‹ገቢሽ ለድጎማው አነሰ› አለችኝ። ደሃ ስለሆንኩ ነው እርዳታ የማላገኘው ብላት ‹ትንሽ ጨምረሽ ብታገኚ ጥሩ ነበር› አለችኝ። እኔም እንደዚያ ይመስለኛል አልኳት።»

አልፈረመም። ግን ቀዝቃዛ ውሃ አመጣላትና ቆሞ ስትጠጣ አያት።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች። «አባቴ ስሜን እዚያ ላይ ካየ ቤቱን ያፈርሰዋል» አላት።

«ይቅርታ፣ ለአካለ መጠን የደረስክ መስሎኝ ነው» ብላ ጥላው ሄደች።

በሦስተኛው ጊዜ እሱ ራሱ ምግብ ቤቱ መጣ። ችሊ የሚሉትን የሥጋና የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር አዘዘ። ልትሰጠው ጎንበስ ስትል «አምጪው፣ እፈርማለሁ» አላት።

«ምን አሳመነህ?» አለች ወረቀቱን እያወጣች።

«አንቺ።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ አልፈልገውም» አለችና ወረቀቱን ከባንኮኒው ሥር መልሳ ከተተችው። «ሲገባህ ትፈርማለህ።» ይህን ስትል ግን ፊቷ ቀልቶ ነበር። ሮይስ ያን ቀን ዳቦውን ሳይነካው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያልፈረመው ሰው የፊርማው ሾፌር ሆነ። የትሪና አሮጌ መኪና ስለሞተባት በየምሽቱ በፒካፑ እየወሰደ ከእርሻ እርሻ ያደርሳት ጀመር። እሷ ደጃፍ ላይ ስትከራከር እሱ መሪው ላይ ክንዱን አሳርፎ ይጠብቃታል። ውሻ ሲያባርራት በሩን ከውስጥ ይከፍትላታል። ስትመለስ ስለ ግብርና ስለ ሐኪም ይጨቃጨቃሉ፤ ጭቅጭቁ ሲያልቅ አንዳቸው የሌላኛቸውን እጅ ይፈልጋሉ። ፊርማው ተሰብስቦ ሲያበቃ የሚሄዱበት በር አልነበረም። እነሱ ግን መንዳታቸውን አልተዉም።

በነሐሴ አጋማሽ ላይ ትሪና የምታስታምማቸው አሮጊት ሮይስን አስጠሩት። እትዬ ኦፓል ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት ነርስ ሆነው ሠርተዋል፤ አሁን ከወንበራቸው ብቻቸውን አይነሱም።

«በሩን ዝጋው» አሉት። «ትሪና ገበያ ነች። አትቀመጥ፤ ቶሎ ነው የምነግርህ። ያቺ ልጅ ጡቷ ውስጥ እብጠት አለ።»

«ምን ዓይነት እብጠት?» አለ ሮይስ።

«ስታጥበኝ ፊቷ ሲጨማደድ አየሁ። አሳዪኝ ብዬ ያዝኳት። የኦቾሎኒ ፍሬ ያህላል፣ ጠጣር ነው፣ አይንቀሳቀስም። ጣቴ አይሳሳትም፣ የኔ ልጅ። ነጻ ምርመራ ወዳለበት ደውላ ነበር፤ ከአርባ ዓመት በላይ ለሆኑ ብቻ ነው አሏት። ክሊኒኩ ደግሞ መጀመሪያ ገንዘብ አስይዢ አላት።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«አንተ ኢንሹራንስ አለህ፣ እሷ የላትም፤ ሚስትህ ከሆነች ግን በአንተው ትታከማለች። ብትነግርህ ታገባታለህ። አዝኖልኝ ነው ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ስታስብ ልትኖር ነው። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ መሐላ ማፍረስ አልፈራም። ልጄ፣ ትወዳታለህ?»

«እወዳታለሁ።»

«እንግዲያው አግባት። ነገ።»

ሮይስ በዚያው ምሽት ሊጠይቃት ወሰነ። ያን ዕለት ግን በበጎ ፈቃደኞቹ የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ የፓንኬክ ራትና ክርክር ተሰናድቶ ነበር። የከተማው ሰው ግማሹ መጥቷል። ሐሳቡን ደግፋ የምትከራከረው ትሪና ነች። በተቃውሞ የሚናገሩት የሮይስ አባት፣ አቶ ጌይለን ሃልቨርሰን ናቸው።

ትሪና አጭር ንግግር አደረገች። አቶ ጌይለን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተነሱ።

«ባለቤቴን ቬራን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ» አሉ። «ስድስት ዓመት ታመመች። ለእሷና ለእኔ ኢንሹራንስ በየወሩ የምከፍለው ለመሬቱ ከምከፍለው ይበልጥ ነበር። የሰሜኑን እርሻ ሸጥኩ። ትራክተር ሸጥኩ። የማንንም በር ግን አላንኳኳሁም። ቬራን ስቀብራት የማንም ዕዳ አልነበረብኝም። አሁን መንግሥት መጥቶ የጎረቤትህንም ክፈል ይለኛል። እኔን ማን ከፈለልኝ?»

ሰውየው እውነታቸውን ነበር፤ ትሪናም ያንን አወቀች።

«ማንም አልከፈለልዎትም፣ አቶ ጌይለን» አለቻቸው። «መክፈል ነበረብን። የሰሜኑ እርሻ ዛሬም በእጅዎ መሆን ነበረበት። እኔ የምለው በእርስዎ የደረሰው በሌላ ሰው አይድረስ ነው።»

አንዳንዶች አጨበጨቡ። አቶ ጌይለን በሕዝብ ፊት በአንዲት አስተናጋጅ ሲታዘንላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«አንቺ እንኳ አታስቢ፣ ወይዘሪት ኩቸራ» አሉ። «የኔ ልጅ ጥሩ ኢንሹራንስ አለው። ያንን ስታውቂ ነው መሰለኝ መኪናው ውስጥ መዋል ያበዛሽው። ድምፅ ባታገኚ ባል ታገኛለሽ!»

ሳቁ ጣሪያውን ነካው። አንድ ሰው ጠረጴዛ ደበደበ። ትሪና ዓይኗ ሮይስን ፈለገ። ሮይስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የወረቀት ሳህን በእጁ ይዟል። አፉን አልከፈተም።

ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። ሮይስ ፒካፑ አጠገብ ደረሰባት። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ በቆሎው ላይ ቢጫ ብርሃን ተኝቷል።

«ትሪና፣ አግቢኝ።»

«ምን አልክ?»

«ነገ እንሂድ። ጋብቻ የሚመዘገብበት የካውንቲው ቢሮ ጠዋት ይከፈታል።»

«አባትህ ያንን ተናግረው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ?»

«እወድሻለሁ።»

«እዚያ ውስጥ ለምን አላልከውም? ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብኝ?»

ሮይስ የያዘውን የወረቀት ሳህን አጣጠፈው።

«ሮይስ፣ ስማኝ። እኔም እወድሃለሁ። ዛሬ ባገባህ ግን አባትህ የተናገሩት እውነት ይሆናል። ከጥቅምት በኋላ ጠይቀኝ። የራሴን የኢንሹራንስ ካርድ ይዤ ልምጣ። ያኔ ለምን አገባችው የሚል አፍ አይኖርም።»

ሕመምሽን አውቃለሁ ሊላት ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግራት በሐዘኔታ እንደጠየቅኳት ታስባለች፤ ከናካቴው ትሸሸኛለች ብሎ ፈራ። ጥቅምት ቅርብ ነው አለ በልቡ። ሁለት ወር ምንም አይደለም።

ድምፅ በተሰጠ ማግስት ጠዋት የእህል ማኅበሩ ስልክ አቃጨለ። «አለፈ!» ብላ ጮኸች ትሪና። «በጥቂት ነው፣ ግን አለፈ! ነብራስካ እሺ አለች!» ከኋላዋ የምግብ ቤቱ ሰው ሲጮህ ይሰማል። ሮይስ ስልኩን ዘግቶ ከጎተራው ጀርባ ሄደና ብቻውን አለቀሰ።

ካርዱ ግን አልመጣም። በጥር ደወለች፤ ዝግጅት ላይ ነን አሏት። በየካቲት ደወለች፤ አሁንም ዝግጅት ላይ ነበሩ። ትሪና ሳህን በግራ እጇ ብቻ መሸከም ጀመረች።

«ክንድሽን ምን ነካው?» ይላታል ሮይስ።

«እትዬ ኦፓልን ሳነሳ ነው» ትለዋለች።

እሺ ይላታል። እሷ ትዋሸዋለች፤ እሱም እንዳመናት ሆኖ ይዋሻታል። በዚያ የብርድ ወቅት፣ በረዶው መስኮቱን ሸፍኖት አልጋ ላይ ተቃቅፈው እያለ፣ ስንት ጊዜ ሊናገር አፉን እንደከፈተ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁልጊዜም የሚቀጥለው ሳምንት ካርዱ የሚመጣ ይመስለዋል። ለምን ዝም እንዳለ ሮይስ እስከ ዛሬ ለራሱ እንኳ ማስረዳት አይችልም። እትዬ ኦፓል ሲያገኙት «እህሳ?» ይሉታል፤ እሱ መሬት መሬት ያያል።

በመጋቢት መጨረሻ በፒካፑ ሲሄዱ ዜናውን ከሬዲዮ ሰሙ። አዲሱ ሽፋን ሥራ የሚጀምረው ከአንድ ዓመት ከስድስት ወር በኋላ ነው።

ትሪና ሬዲዮውን ዘጋችው። ሮይስ መኪናውን ዳር አስያዘ። የሸሚዟን ቁልፍ ፈትታ እጁን ይዛ ጡቷ ላይ አሳረፈችው። ቆዳው ከሥሩ ተጎትቶ ተሰርጉዷል። የኦቾሎኒ ፍሬ ያህላል የተባለው ዕንቁላል አክሏል።

«እስከዚያ የሚጠብቀኝ አይመስለኝም» አለችው።

ሮይስ መሪው ላይ ተደፍቶ አነባ። ትሪና መደንገጡ መሰላትና ጀርባውን እያሻሸች «አይዞህ፣ ቀድሜ ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ አይዞህ የኔ ጌታ» ትለው ጀመር። እሱን ማጽናናቷ ከምንም በላይ ቆረጠው።

ዓርብ ዕለት ተጋቡ። የካውንቲው ጸሐፊ ቅጹን ሞልታ ማኅተም እስክትመታ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አቶ ጌይለን ማንም ሳይጠራቸው መጥተው በሩ አጠገብ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆሙ፤ ሲያበቃ ሳይናገሩ ሄዱ። ጸሐፊዋ «እንኳን ደስ ያላችሁ! የጫጉላው ሽርሽር ወዴት ነው?» ስትላቸው ትሪና «ወደ ኦማሃ» አለቻት። ሆስፒታሉ ኦማሃ ነበር።

ሐኪሟ ጥሩ ሴት ነበረች። በሽታው ጉበትና አጥንት መድረሱን በቀስታ ነገረቻቸው። ትሪና ልብሷን ስትለብስ ሮይስ ሐኪሟን ተከትሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«ባለፈው ነሐሴ ብትመጣስ ኖሮ?»

«እሱን ማወቅ አሁን ምን ይጠቅምሃል?»

«ይንገሩኝ።»

ሐኪሟ የሕክምና መዝገቡን አጠፈችው። «ምናልባት ዛሬ ስለ መዳን ነበር የምናወራው» አለችው።

አሥራ ስድስት ወር ኖረች። የሮይስ ኢንሹራንስ ብዙውን ነገር ከፈለ። ለአንዱ መድኃኒት ግን ሁለት ጊዜ ‹አልከፍልም› የሚል ደብዳቤ ላከ። ያኔ አቶ ጌይለን ደብዳቤውን ከሮይስ እጅ ወሰዱና ከስልኩ ጋር ኩሽና ውስጥ ተቀመጡ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ደወሉ። «መስመር ላይ ሲያቆዩኝ የሚያሰሙኝን ሙዚቃ በቃሌ ያዝኩት» ይላሉ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተፈቀደ። የዘገዩት ቀናት ምን እንደወሰዱባት የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው ዓመት ሲገባ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። መድኃኒቱ ሲሰጣት አጠገቧ መቀመጥ ተከለከለ። ሮይስ ከሆስፒታሉ ውጪ መኪናው ውስጥ ሆኖ ስድስት ስድስት ሰዓት ይጠብቃታል። ከአራተኛው ፎቅ መስኮት እጇን ታወዛውዝለታለች። አንዳንዴ የሌላ ሰው እጅ ይሆንና እሱ ሳያውቅ ለማያውቃት ሴት ያወዛውዛል።

ስትደክም አቶ ጌይለን ሾርባ እየሠሩ ያመጡላት ጀመር። ቬራን ሲያስታምሙ የለመዱት ነው። አንድ ቀን ሳህኑን አስቀምጠው አልሄዱም።

«ልጄ» አሏት። «የዚያን ዕለት፣ እሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ የተናገርኩት…»

«አዎ።»

«እንደዚያ ባልናገር ኖሮ ታገቢው ነበር።»

«አዎ፣ አገባው ነበር።»

«ይቅር በይኝ።»

ሮይስ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ይቅር ትላቸዋለች ብሎ እርግጠኛ ነበር፤ እሷ ደግ ነበረችና።

«አልልዎትም» አለቻቸው። «ልዋሽዎት እችል ነበር፤ ግን ጊዜ የለኝም። ይቅር አልልዎትም፣ አቶ ጌይለን። ሾርባው ግን ጨው አንሶታል። ጨው ያምጡልኝ።»

ጨው አመጡላት። በማግስቱም መጡ፤ እስከ መጨረሻው ቀን መምጣታቸውን አላቋረጡም። ሁለቱ ስለ ግብር መከራከራቸውንም አልተዉም። አቶ ጌይለን አሁንም መንግሥትን አያምኑም፤ ትሪና ደግሞ የኢንሹራንሱን ሙዚቃ አዚሙልኝ እያለች ታበሽቃቸዋለች። ይቅርታውን ግን ዳግመኛ አልጠየቋትም፤ እሷም አልሰጠቻቸውም።

ትሪና ሃልቨርሰን በነሐሴ መጀመሪያ ሞተች። የታገለችለት ሽፋን በመስከረም ተጀመረ። በአገሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ካርድ ወሰዱ፤ ያን ዕለት ጠረጴዛ ሲደበድብ የነበረው ሰውም ወሰደ፤ ልቡን ታከመበትና ደህና ነው።

ሮይስ ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው ከመሞቷ በፊት የነበረውን እሑድ ነው። በረንዳው ላይ አልጋ አውጥቶላታል። ራሷን ክንዱ ላይ አሳርፋለች፤ ክብደቷ የትራስ ያህል ብቻ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው።

«ጠይቂኝ።»

«መጀመሪያ አግቢኝ ስትለኝ፣ መኪናው አጠገብ… ታውቅ ነበር?»

ሮይስ ከበቆሎው ማዶ አየ።

«ምኑን?»

«መታመሜን። እትዬ ኦፓል አፋቸው አያርፍም። አንዳንዴ ማታ ማታ አስበዋለሁ። ካወቅክ ያዘንክልኝ ነህ ማለት ነው። አውቀህም ዝም ካልክ…» አልጨረሰችውም። «ካላወቅክ ግን የወደድከኝ እንዲያው ነው፤ ለራሴ።»

እንዲያው ነበር የወደዳት። ግን ያውቅም ነበር። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ አንዱን ብቻ ሊሰጣት ይችላል።

«አላውቅም ነበር» አላት።

«ማልልኝ።»

«እኔ ልሙት!»

ትሪና ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነባት፤ ሳሉ እስኪያልፍላት አቀፋት።

«ተው እንጂ» አለችው ትንፋሿን ሰብስባ። «አንዳችን ይበቃናል።»

ከዚያም እጁን ፈልጋ ያዘች፤ ፊቷ ላይ በእነዚያ ሁሉ ወራት ያላየው እርካታ ታየ። «ሳታውቅ ነው የጠየቅከኝ» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። «እምቢ ባልልህ ኖሮ!»

«አዎ» አለ ሮይስ።

«የኔ ጥፋት ነው እንግዲህ።»

አይደለም ሊላት አፉን ከፈተ። አይደለም ካለ ግን የማን እንደሆነ መንገር ሊኖርበት ነው። እሷ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ፈገግታዋ አልጠፋም። ሮይስ ግንባሯን ሳማት፣ ዝምም አለ።